የመጠጥ ድጋፍ ግሩፕ ፍለጋ ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ

ሰላም ለሁላችሁም። መጠጥ ካቆምኩ አራት አመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ይሄን ከሚያውቁ ሰዎች መሀል በየጊዜው አንዱ ለብቻዬ ጠርቶኝ ድምፁን ዝቅ አርጎ "ያንቺን ግሩፕ ግን እንዴት አገኘሽው?" ይለኛል። አንዳንዱ ለወንድሙ ነው የሚጠይቀው፣ አንዳንዱ ለጓደኛዬ ነው ይላል ግን አይኑን ሳየው ለራሱ እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔም በሰአቱ ለጓደኛዬ ብዬ ነበርና የጠየቅኩት። ሁሌ ባጭሩ መልሼ እሄዳለሁ፣ በኋላ ግን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ነገሩ ባጭሩ የሚነገር አይደለም። እርዳታ እፈልጋለሁ ብዬ ካመንኩበት ቀን ጀምሮ የሚሆነኝ ግሩፕ ውስጥ እስክቀመጥ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፣ እና በነዛ ስምንት ወራት ከበፊቱም የባሰ ነው የጠጣሁት። ሌላ ሰው ያን ያህል እንዳይንከራተት ብዬ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምፅፈው።

አጠጣጤን ብዙ አላወራም፣ የጠጣ ያውቀዋል። ልጄን አስተኝቼ ነበር የምጠጣው፣ ጠርሙሱ ከሚታጠብ ልብስ ስር ይደበቃል፣ ጠዋት ጥርሴን ሁለቴ ቦርሼ ስራ እገባለሁ። ከስራ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም፣ እሱን እንደ ማስረጃ ይዤው ነበር፣ ሱሰኛ ብሆንማ ስራ እቀር ነበር እያልኩ። አንድ ቀን ከሰአት ልጄ ውሃ ጠማኝ አለች። ጠረጴዛው ላይ የኔ ብርጭቆ ነበር፣ ንፁህ ውሃ ነው ያለበት፣ አነሳችውና ከመጠጣቷ በፊት አሸተተችው። ያኔ ሰባት አመቷ ነው። ማንም እንደዛ አርጊ ብሏት አያውቅም፣ ራሷ ናት የለመደችው፣ አሽትታ ውሃ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ጠጥታ ወደ ጨዋታዋ ሄደች፣ እኔ እዛው እንደቆምኩ ቀረሁ።

የዛኑ ለት ማታ ስልኬ ላይ ኦዲት የሚባለውን መጠይቅ ሞላሁ። የአለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፣ 10 ጥያቄ ብቻ፣ በስንት ቀን አንዴ ትጠጣለህ፣ ስትጠጣ ምን ያህል ትጠጣለህ፣ ከጀመርክ ማቆም ያቅትሃል ወይ፣ በመጠጥህ የተጨነቀ ሰው አለ ወይ ምናምን ይላል። ከ40 ነው የሚታሰበው፣ 8 እና ከዛ በላይ ከመጣ አጠጣጣችሁ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው፣ 20 እና ከዛ በላይ ከሆነ ደሞ ጥገኝነት ሳይኖር አይቀርምና መመርመር ያስፈልጋል። እኔ 27 አመጣሁ። ቁጥሩን ሳየው አለቀስኩ፣ ከዛ ቤት ውስጥ ያለውን መጠጥ በሙሉ ደፋሁትና ከነገ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀምስም ብዬ ተኛሁ።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ከፃፍኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት በራሱ ካቆመ ሊሞት ይችላል። እኔ አላውቅም ነበር፣ መጠጥ ማቆም መልካም ነገር ስለሆነ መልካም ነገር አይጎዳም ብዬ ነው ያሰብኩት። በማግስቱ ከሰአት እጄ የበር ቁልፍ ማስገባት አቃተው፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ ሁለተኛው ቀን ለሊት ላይ ራሴን ስቼ ወድቄ ስንቀጠቀጥ እህቴ ናት ያገኘችኝ። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለኝ ሀኪም በኋላ ረጋ ብሎ አስረዳኝ፣ ምልክቶቹ የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰአት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰአታት ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሊመጣ ይችላል፣ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን አያውቅም፣ ካልታከመ ይገላል። በሀኪም ክትትል ከሆነ ግን ማረጋጊያ መድሀኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰላም ይታለፋል። ስለዚህ ግሩፕ ከመፈለጋችሁ በፊት በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት ስትነሱ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሀኪም ጋ ሂዱ። ግሩፕ ሀኪምን አይተካም።

ስወጣ ያ ሀኪም "የድጋፍ ግሩፕ ፈልጊ፣ ብቻሽን አትወጪውም" አለኝ። የት? አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም፣ አፍሬ ነበር፣ ቶሎ ከዛ ክፍል መውጣት ነበር የፈለግኩት። እናንተ እንደኔ እንዳታረጉ፣ እዛው ቆማችሁ "የት ነው ያለው፣ ቁጥር አለህ ወይ፣ እዚህ የሚሰራ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ" በሉ። ብዙ ጊዜ ሀኪሙ ባያውቅ ነርሶቹ ያውቃሉ፣ በተለይ የአእምሮ ጤና ክፍል ያሉት፣ በሽተኛው ካገገመ በኋላ የት እንደሚሄድ ተከታትለው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቤት ገብቼ ሁለት ሳምንት ያህል ሳልጠጣ ቆየሁ፣ ከዛ ስልኬን ይዤ መፈለግ ጀመርኩ። የፍለጋው ታሪክ እንዳይቀር ሚስጥራዊ መስኮት ከፍቼ ነበር የምፈልገው፣ ስልኬን ከእኔ በቀር የሚነካው ሰው ግን አልነበረም፣ ከራሴ ነው የምደብቀው። አንድ አድራሻ አገኘሁ፣ ቀን ተፅፏል፣ ሰአት ተፅፏል። ልብሴን ሶስቴ ቀያይሬ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ዞሬ በጀርባ አየሁ፣ ጨለማ ነው። ጥበቃውን ስብሰባ አለ ወይ አልኩት፣ የምን ስብሰባ እንደሆነ መጥራት አቅቶኝ ዝም ብዬ ስብሰባ ነው ያልኩት፣ "እነዛ ሰዎችማ መምጣት ካቆሙ ቆዩ እኮ እህቴ" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያ በር በመዘጋቱ ከላዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ሞክሬያለሁ፣ ሄጃለሁ፣ የለም፣ እኔ ምን ላርግ። ወደ ቤት ስመለስ ገዝቼ ገባሁ። ከዛ ሶስት ወር ጠጣሁ፣ እህቴ ስትጠይቀኝ "ሄጄ ነበር ተዘግቷል" እላታለሁ፣ ውሸት አይደለም ደሞ። ከአንድ ምሽት የተዘጋ በር ስንት ጠርሙስ እንዳወጣሁበት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አድራሻ ስታገኙ እንዲሁ አትሂዱ። ድረገፅ ላይ የተፃፈ ነገር ከተፃፈ ስንት ጊዜ እንደሆነው አይታወቅም፣ ግሩፖች ደሞ ቦታ ይቀይራሉ፣ ሰአት ይቀይራሉ፣ አዳራሽ ይከለከላሉ። ስልክ ካለ ደውሉ፣ ስልክ ከሌለ መልእክት ላኩ፣ እና የምትጠይቁት ነገር ይሄ ነው፣ ስብሰባው አሁንም አለ ወይ፣ በዚህ ሳምንት አለ ወይ፣ በየትኛው በር ነው የሚገባው (ትልቅ ግቢ ውስጥ ክፍሉን አጥቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ)፣ ለአዲስ ሰው ክፍት ነው ወይ። እና አንድ አድራሻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ሁለት ያዙ፣ የመጀመሪያው ቢዘጋ የዛኑ ቀን ሁለተኛው ጋ እንድትሄዱ፣ ቢያንስ ማታ በስልክ የምትገቡበት የኦንላይን ስብሰባ እንዲኖራችሁ።

የት ይፈለጋል ካላችሁ፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ሁሉም ኤኤ ነው የሚለው) መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማህበር ነው፣ በጣም ብዙ አገሮች ውስጥ አለ፣ የራሱ ድረገፅ ላይ በየአገሩ ማንን ማግኘት እንደሚቻል ይዘረዝራል። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል በነፃ የሚወርድ አፕም አላቸው፣ መረጃው ከየአካባቢው የኤኤ ቢሮዎች ነው የሚመጣው፣ እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ላይካተት ይችላል ግን ማየት አይጎዳም። ኦንላይን ስብሰባዎችን ብቻ የሚያሰባስብ ደሞ ለብቻው አለ፣ የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ይባላል፣ በቀን በለሊት በየትኛውም ሰአት የሚካሄድ ስብሰባ አይጠፋም፣ ካሜራ ማብራት ግዴታ አይደለም፣ ስማችሁን መቀየር ትችላላችሁ። ከዚህ ውጪ የሱስ ማገገሚያ ማእከሎች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ አማካሪዎች ያውቃሉ፣ ብዙ ግሩፖች አዳራሽ የሚያገኙት ከሃይማኖት ተቋማት ስለሆነ እዛ ያለ ሰው አንዱን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሁለተኛው ሙከራዬ። አምስተኛው ወር ላይ ነው፣ ይሄኛው በሩ ክፍት ነበር፣ ሰው ነበረ። አስራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች፣ ከእኔ በቀር አንድ ሴት ብቻ፣ እሷም መሀል ላይ ተነስታ ሄደች። ክፉ ነገር ያደረገኝ አልነበረም፣ እንኳን ደህና መጣሽ አሉኝ፣ ግን የሚያወሩት ታሪክ ሁሉ ከጓደኛ ጋር መጠጣት፣ መኪና መጋጨት፣ መደባደብ ነበር፣ እኔ ደሞ ከልብስ ማጠቢያ ቅርጫት አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የጠጣሁት፣ የኔን ነገር እዛ ማውራት እንደማልችል ተሰማኝ። ሲያልቅ አንድ ሰውዬ እስከ ውጪ ተከትሎኝ ስልክሽን ስጪኝ፣ ልርዳሽ፣ አሁን እንሂድና እናውራ አለኝ። አይኑ ደስ አላለኝም። እሺ እደውላለሁ ብዬ አመለጥኩ። ከዛ በኋላ ለሶስት ወር ግሩፕ የሚባል ነገር አልሰማም አልኩ።

ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ቢደርስባችሁ ግሩፕ ሁሉ እንደዛ ነው ብላችሁ እንዳትተዉ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ደካማ መሆኑን አይቶ የሚጠጋ ሰው አንዳንድ ቦታ ይገጥማል፣ በደንብ የሚመራ ግሩፕ ይሄን አይታገስም፣ ለዚህም ነው ስፖንሰር የሚባለውን (ቀድሟችሁ ያቆመና 12ቱ እርምጃዎች በሚባሉት የኤኤ የማገገሚያ መንገዶች የሚመራችሁ ሰው ማለት ነው) ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ እንዲይዝ የሚመከረው። ስልካችሁን ለማንም የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። የሴቶች ብቻ ስብሰባ አለ፣ የወንዶች ብቻ አለ፣ የወጣቶች አለ፣ የጀማሪዎች አለ፣ አንዱ ግሩፕ ከሌላው ግሩፕ ሰማይና ምድር ነው፣ አንድ ጋ ሄዳችሁ ካልሆነላችሁ ገና አንድ ግሩፕ ነው ያያችሁት። ቢያንስ አምስት ስድስት ቦታ ሳትቀመጡ "ግሩፕ ለኔ አይሆንም" አትበሉ፣ እኔ በአንድ ቀን ነው የፈረድኩት።

ደሞ ክፍትና ዝግ የሚባል ነገር አለ፣ ያኔ ብዙ አደናግሮኛል። ክፍት ስብሰባ ማለት ማንም ሰው መግባት ይችላል፣ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ተማሪ፣ መስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው። ዝግ ማለት የራሱ የመጠጥ ችግር ላለበት ሰው ብቻ ነው፣ ማቆም እፈልጋለሁ ካላችሁ አዲስ ብትሆኑም ዝጉ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። አባል ለመሆን የሚጠየቀው ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፣ ሌላ መስፈርት የለም። ፎርም አይሞላም፣ መታወቂያ አይታይም። እኔ ዝግ የሚለውን አንብቤ ፈቃድ የሚያስፈልግ መስሎኝ ሁለት ስብሰባ ዘልያለሁ።

እሺ ሶስተኛው። ስምንተኛው ወር፣ ማታ አራት ሰአት ገደማ፣ ጠጥቻለሁ፣ ልጄ ተኝታለች፣ አፑ ላይ የነበረ ቁጥር ደወልኩ፣ አይነሳም ብዬ ነው የደወልኩት። አንዲት በእድሜ ጠና ያሉ ሴት አነሱት።

"ሄሎ... ይቅርታ፣ ስለ ስብሰባው ልጠይቅ ነበር፣ ለጓደኛዬ ነው" አልኳቸው።

"እሺ የኔ እህት። ጓደኛሽ አሁን ጠጥታለች?"

ዝም አልኩ። ከዛ "አዎ" አልኩ።

"ደህና ናት? ብቻዋን ናት?"

"ልጅ አለቻት፣ ተኝታለች።"

"ጎሽ። ነገ ማታ የሴቶች ስብሰባ አለን። አንድ ሰአት ነው የሚጀመረው፣ ጓደኛሽ ግን ሩብ ጉዳይ ላይ ትምጣ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ሰማያዊ ሻርፕ አርጋለሁ። ማውራት የለባትም። ስሟን እንኳን ባትነግረኝ ግድ የለም።"

"እርስዎ... እርስዎም ይጠጡ ነበር?"

"አስራ ዘጠኝ አመት ጠጥቻለሁ ልጄ" አሉኝ። እንዲሁ፣ የስራ ልምዳቸውን እንደሚናገር ሰው፣ ሳይሸማቀቁ። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ያን አረፍተ ነገር ሰው ጮክ ብሎ ሲለው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዛ ነገ እስኪመጣ አስር ጊዜ ሃሳቤን ቀየርኩ። የሄድኩት በር ላይ የምትጠብቀኝ ሴትዮ ስላለች ብቻ ነው፣ ብቀር ቆማ ትጠብቃለች ብዬ አዘንኩላት። ሰማያዊ ሻርፑን ከሩቅ አየሁት። ለዛ ነው ለጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው፣ አድራሻ ከማግኘት በላይ በር ላይ የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው ማግኘት ነው ቁም ነገሩ። ስትደውሉ አትፈሩ፣ "ብቻዬን መግባት እፈራለሁ፣ በር ላይ የሚቀበለኝ ሰው ይኖራል?" በሉ። ለነሱ አዲስ ጥያቄ አይደለም፣ ሁሉም አንድ ቀን ያንን በር ፈርቶ ነው የገባው።

ውስጥ ምን አለ ለሚለው፣ ወንበሮች ክብ ተደርድረዋል፣ እኔ በሩ አጠገብ ያለውን ያዝኩ፣ ማንም ወደ መሀል ነይ አላለኝም። አጭር ነገር ይነበባል፣ እዚህ የምታዩትና የምትሰሙት እዚሁ ይቅር ይባላል፣ ከዛ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ራሱን አስተዋውቆ ያወራል። ያልፈለገ "ዛሬ ልስማ" ይላል፣ ይታለፋል። አንድ ሰው ሲያወራ ማንም አያቋርጠውም፣ ሲጨርስም "እንዲህ ማድረግ ነበረብሽ" የሚል የለም፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር፣ በህይወቴ ሳልመከርና ሳልገሰፅ ስለ መጠጥ ያወራሁበት ቦታ አልነበረም። አንድ ሰአት ያህል ነው፣ አንዳንዱ ጋ አንድ ሰአት ተኩል። መሀል ላይ መዋጮ ይዞራል፣ ኤኤ ከውጪ ገንዘብ አይቀበልም፣ አባላቱ በሚያዋጡት ነው የሚኖረው፣ አዲስ ሰው ግን ምንም አይጠበቅበትም፣ እኔ ባዶ እጄን አሳልፌዋለሁ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አንዲት ልጅ ልብስ መሀል ስለመደበቅ አወራች። በቃ። የኔን ቅርጫት ያየችው ነው የመሰለኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት አጠገቤ ያለችው ሴት መሀረብ ስታቀብለኝ ነው።

እንዳለቀ ወዲያው አትውጡ። እኔ ልሮጥ ነበር፣ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረጉት ሴትዮ ያዙኝና የአምስት ሴቶች ስልክ የተፃፈበት ወረቀት ሰጡኝ፣ "ከመጠጣትሽ በፊት ደውይ፣ ከጠጣሽ በኋላም ደውይ" አሉኝ። የስብሰባው ግማሽ ጥቅም ወንበር ከተነሳ በኋላ ያለው አስር ደቂቃ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስልክ የሚለዋወጠው፣ ሌላ የት የት ስብሰባ እንዳለ የሚታወቀው እዛ ነው። ከአፑም ከድረገፁም ያላገኘኋቸውን ሶስት ስብሰባዎች የዛን ቀን ቆመን ስናወራ ነው የሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት በየቀኑ አንድ ስብሰባ እንድገባ መከሩኝ፣ 90 ቀን 90 ስብሰባ ይሉታል፣ እኔ ልጅ ስላለኝ ግማሹን በስልክ ነው የገባሁት፣ ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ሰክቼ ልብስ እያጠፍኩ።

የእግዚአብሔር ነገርስ ትሉኛላችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። 12ቱ እርምጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር የሚል ቃል አለ፣ ግን "እንደተረዳነው" የሚል ተጨምሮበታል፣ ኤኤ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር የተያያዘ አይደለም፣ የተለያየ እምነት ያላቸውም እምነት የሌላቸውም ሰዎች አብረውኝ ተቀምጠዋል። አጀማመሩን ስሰማ ለኔ የቀለለኝ እሱ ነው፣ 1935 ላይ አሜሪካ ኦሃዮ አክሮን ከተማ ቢል የሚባል መጠጥ ያቆመ ግን ሊመለስ አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው፣ ቦብ የሚባል ሰካራም ሀኪም አግኝቶ አወሩ፣ ቢል ያን ቀን የፈለገው ሌላ ጠጪ ካላወራ እንደሚጠጣ ስላወቀ ነው። ሁለት ሰው ማለት ነው። እስከዛሬም ሁለት ሰዎች ለመጠጥ ማቆም ከተገናኙ ግሩፕ ናቸው ይባላል፣ አካባቢያችሁ ላይ ምንም ከሌለ ይሄን አስታውሱ፣ አንድ ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ቀንና ሰአት ቆርጣችሁ።

ኤኤ ካልተመቻችሁ ሌላም አለ። ስማርት ሪከቨሪ የሚባለው 1994 ላይ የተጀመረ ነው፣ ሃሳብንና ባህሪን መቀየር ላይ የሚሰራ፣ መንፈሳዊ ነገር የለበትም፣ የኦንላይን ስብሰባ አለው። ለሴቶች ብቻ ደሞ ዊመን ፎር ሶብራይቲ አለ፣ ከ1975 ጀምሮ። የምከታተለው ሀኪም እንደነገረኝ ኮክሬን የሚባለው ተቋም 2020 ላይ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን አንድ ላይ አይቶ፣ ሰዎችን ወደ ኤኤ የሚያስገባ ህክምና ሙሉ በሙሉ ማቆም ላይ ከሌሎች የስነልቦና ህክምናዎች የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፣ በሌላው መለኪያ ደሞ ብዙም አያንስም። ይሄ ለሁሉም ሰው ይሰራል ማለት አይደለም። ግን ወሬ ብቻ ነው ለሚሏችሁ ወሬ ብቻ አይደለም።

መጠጥ ለማቆም የሚረዳ መድሀኒት የምትወስዱ ካላችሁ፣ ናልትሬክሶን፣ አካምፕሮሴት፣ ዳይሰልፊራም፣ ግሩፕ ውስጥ "መድሀኒት የሚወስድ አቆመ አይባልም" የሚላችሁ ሰው ቢገጥማችሁ አትስሙት። እኔን አንዷ ብላኝ መድሀኒቴን ለአንድ ሳምንት ትቼ ነበር፣ በጣም ተናድጄባታለሁ አሁንም ሳስበው። የኤኤ የራሱ አቋም የመድሀኒት ጉዳይ የናንተና የሀኪማችሁ ነው የሚል ነው፣ አባል ሀኪም አይሆንም።

እህቴን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ስምንት ወር ሙሉ ጠርሙስ ስትፈልግ፣ ስትደፋ፣ ስትቆጥር፣ ስትለምነኝ ነበር፣ እኔ ስብሰባ ስጀምር እሷ ባዶ ቀረች፣ እንቅልፍ የላትም፣ አምስት ደቂቃ ካረፈድኩ ትደውላለች። ለቤተሰብ የሚሆን አል-አኖን የሚባል አለ፣ 1951 ላይ የተቋቋመ፣ ከኤኤ የተለየ ነው፣ ለጠጪው ሳይሆን ከጠጪ ጋር ለሚኖር ሰው ነው፣ ለወጣት ልጆች ደሞ አላቲን አለ። እሷ እዛ ገብታ ከሶስት ሳምንት በኋላ ቦርሳዬን መፈተሽ አቆመች። እናትና ሚስት እህትና ወንድም የሆናችሁ፣ የናንተ ሰው አልሄድም ቢል እንኳን እናንተ ለራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ የሱን ፈቃድ አትጠብቁ።

ግሩፑን ካገኘሁ አምስት አመት ሆነኝ፣ ካቆምኩ ግን አራት አመት ከሰባት ወር ነው ብያችኋለሁ፣ ልዩነቱን ልብ ያለ ይኖራል። አምስተኛው ወር ላይ ጠጣሁ። ምንም የተለየ ነገር አልሆነም፣ ደክሞኝ ነበር፣ አልበላሁም፣ ከሰው ተጣልቻለሁ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ አራቱም አንድ ላይ፣ ከእነዚህ ከአራቱ ተጠንቀቂ ተብዬ ተነግሮኝ ነበር። የሁለት ቀን ነው። ሶስተኛው ቀን ወረቀቷን አውጥቼ ደወልኩ፣ ገና ሄሎ ከማለቴ ሴትዮዋ "ማታ ነይ፣ ወንበርሽ አለ" አሉኝ። ስገባ አንድም ሰው ምን ሆንሽ አላለኝም፣ ቀኔን ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩ። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ መመለሱ ነበር፣ ከተመለስኩ በኋላ ግን ያሳፈረኝ ነገር ምን እንደነበር እንኳን ጠፋኝ።

በመጨረሻ አንድ ሁሌ የምጠየቀውን ልመልስ፣ "ስብሰባው ቀን ጠጥቼ ከሆነስ? ልቅር?" አትቅሩ። ሰክሮ የመጣ ሰው አይባረርም፣ ካልረበሸ በቀር። ዝም ብላችሁ ኋላ ተቀመጡ፣ ለመናገር አትቸኩሉ፣ ስሙ። ሲያልቅ ለአንዱ ሰው ጠጥቼ ነው የመጣሁት በሉት፣ ነገ የሚደውልላችሁ እሱ ይሆናል። ስትሄዱም ስትመለሱም መኪና አትንዱ፣ ሰው ያድርሳችሁ።